እጅ መንሣት በሕንድ የመጻሕፍት ሥዕል፤ ሐበሾች የታዩበት ማዕርግ

ለንጉሥ እጅ መንሣት በቃል፥ በአካልና በስጦታ የሚገለጥ ሥርዐት ነው። በአንዳንድ አገር ግን በሥዕልም ይጻፋል። ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በሕንድ አገር፥ በሰሜን በሞጎል ነገሥታት፥ በደቡብ በደካን ሱልጣኖች ግቢ የተሠሩት የመጻሕፍት ሥዕሎች ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው። በእነዚህም ሥዕሎች ውስጥ ከኢትዮጵያ ምድር ተወስደው በባሕር ማዶ ለታላቅ ማዕርግ የበቁ ሰዎች መልክ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥዕሎቹ እንዴት እንደሚነበቡ መግለጥ፥ ሐበሾች በውስጣቸው የያዙትን ሥፍራ መመርመር፥ ከዚያም በከሚሴ አካባቢና በወሎ የታወቀውን የአክብሮትና የመገዛት ልማድ ከእነርሱ ጋር ማስተያየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ከሚሴ ዛሬ በአማራ ክልል የኦሮሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ባለው በጨፋ ሜዳ ትገኛለች። አካባቢው ኦሮሞ፥ አርጎባና አማራ ተጎራብተው የሚኖሩበት፥ የደጋውና የቆላው ሕዝብ በሰንበቴና በባቲ ገበያዎች የሚገናኝበት ነው። በደቡብ በኩል የሚያዋስነው ጥንታዊው ይፋት ነው። ከይፋት ወደ ዘይላ ወደብ የሚወርደው የነጋዴ መንገድም ይህን የደጋ ጫፍ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያገናኝ ኖሯል። ስለዚህ የሕንድ ሥዕል ለዚህ አገር ተማሪ ፍጹም ባዕድ ነገር ሊባል አይችልም።

የሥዕሉ አሠራር

የሞጎል ሥዕል መሠረት የተጣለው ንጉሠ ነገሥት ሁማዩን ሚር ሰይድ ዐሊና ዐብዱስ ሰመድ የተባሉትን ሁለት የፋርስ ሊቃውንት ወደ ግቢው ባስገባ ጊዜ ነው። ልጁ አክበር፥ ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው፥ የሥዕሉን ቤት አስፋፍቶ ከሕንድ ተወላጆች ብዙ ሠዓሊዎችን ጨመረበት። ሥራው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አንዱ ባለሙያ ንድፉን ያወጣል፤ ሁለተኛው ቀለሙን ይቀባል፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊት በመሣል የታወቀው የዋናዎቹን ሰዎች መልክ ይፈጽማል። ወረቀቱ በልሙጥ ድንጋይ እየተፋተገ ይለሰልሳል። ሰማያዊው ቀለም ከተፈጨ የከበረ ድንጋይ ይወጣል፤ አክሊሉና ልብሱ በወርቅ ቀለም ይደምቃል።

በአክበር ዘመን ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ታሪክን ተከትሎ የጦርነትንና የአደንን ነገር ይተርካል። በልጁ በጃሃንጊር ዘመን፥ ማለት ከ1605 እስከ 1627፥ የአንድ ሰው መልክ ብቻውን እየተሣለ በሥዕል ጥራዝ መሰብሰብ ጀመረ። የጃሃንጊር ልጅ ሻህ ጃሃን ደግሞ የመንግሥቱን ታሪክ ፓድሻህ ናማ በተባለ መጽሐፍ አስጻፈ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በዊንዘር ግንብ የሚገኘው የዚህ መጽሐፍ ቅጂ 44 ሥዕሎች አሉት። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚያሳዩት መሳፍንትና መኳንንት በንጉሡ ፊት እጅ ሲነሡ ነው።

የእጅ መንሣት ምልክቶች

የአክበር ባለሟልና ታሪክ ጸሐፊ የነበረው አቡል ፈዝል የግቢውን ሥርዐት ሲዘረዝር ሁለት ዓይነት ሰላምታ ይጠቅሳል። አንደኛው ኮርኒሽ ይባላል፤ ሰላምታ አቅራቢው የቀኝ እጁን መዳፍ በግንባሩ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ትርጓሜውም የአእምሮ መኖሪያ የሆነውን ራሱን በትሕትና እጅ ይዞ ለንጉሡ ማቅረቡ ነው። ሁለተኛው ተስሊም ይባላል፤ የቀኝ እጁን ጀርባ መሬት አስነክቶ ቀስ እያለ ይነሣና ቀጥ ብሎ ሲቆም መዳፉን በአናቱ ላይ ያኖራል። ይህም ራሱን መሥዋዕት አድርጎ መስጠቱን ያመለክታል። ግንባር መሬት አስነክቶ መስገድ ግን ለፈጣሪ ብቻ የሚገባ ነው የሚሉ ሰዎች ስለ ተቃወሙት አክበር በአደባባይ እንዲቀር አደረገ፤ ሻህ ጃሃንም ከነገሠ በኋላ ፈጽሞ ከለከለው።

የወሎ ወይም የሸዋ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን አገር ልማድ ያስታውሳል። በኢትዮጵያም ሸማ የአክብሮት ቋንቋ ነበር። ጌታ ሸማውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል፤ እኩያ ለእኩያው ትከሻውን ገለጥ ያደርጋል፤ ሎሌ በጌታው ፊት ሲቆም ሸማውን ከወገቡ አዙሮ ይታጠቃል፥ ያደገድጋል። ያጠፋ ወይም የተሸነፈ መኰንን ደግሞ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይገባል። ሁለቱም አገሮች የሰውን ማዕርግ በአካል አቋም ይጽፉታል፤ ልዩነቱ ሕንድ አቋሙን በወረቀት ላይ አጽንቶ ማስቀረቱ ነው።

በሥዕሉ ውስጥ ማዕርግ በሥፍራ ይታወቃል። ንጉሡ ጃሮካ በሚባል ከፍ ያለ የመታያ መስኮት ወይም በዙፋን ላይ ይቀመጣል፤ ከጃሃንጊር ዘመን ጀምሮም በራሱ ዙሪያ የብርሃን አክሊል ይሣልለታል። ይህን ምልክት ሠዓሊዎቹ የወሰዱት በሚስዮናውያንና በነጋዴዎች እጅ ከገቡት የአውሮፓ የቅዱሳን ሥዕሎች ነው። ልጆቹ ከአጠገቡ፥ ታላላቆቹ መኳንንት ከእነርሱ ዝቅ ብለው፥ የቀሩት ከአጥሩ ውጭ ይቆማሉ። ከንጉሡ የመራቅ መጠን የማዕርግ መጠን ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ሥዕል የለመደ ዓይን እንዳይሳሳት አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ከሓዲውና ሰይጣኑ ግን አንድ ዓይን ብቻ እየታየ በጎን ይሣላል። በሞጎል ሥዕል ግን ንጉሡም ሎሌውም በጎን ይሣላሉ፤ በጎን መሣል የመልክን ልዩ ጠባይ አጥርቶ ለማሳየት እንጂ ለማዋረድ አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ራሳቸውን ያሣሉበት አቋምም ከዚህ የተለየ ነው። በጣና ሐይቅ፥ በደቅ ደሴት በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ፥ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። የጎንደር ንግሥት ሰጋጅ ሆና ስትሣል፥ የሕንዱ ንጉሥ የሚሣለው ስግደት ተቀባይ ሆኖ ነው።

ሥዕሉ ከታሪክ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1618 አካባቢ አቡል ሐሰን የተባለው ታላቅ ሠዓሊ ጃሃንጊርን ከፋርሱ ንጉሥ ከሻህ ዐባስ ጋር ተቃቅፈው ሣለ። ጃሃንጊር በአንበሳ ላይ፥ ሻህ ዐባስ በበግ ላይ ቆመዋል፤ አንበሳው በጉን እየገፋ አገሩን ይወስድበታል። ሁለቱ ነገሥታት ግን በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ አልተገናኙም። እንግዲህ የእጅ መንሣት ሥዕል የሚገልጠው ያዘዘው ሰው እንዲሆን የሚፈልገውን ነው። የሐበሾቹም ሥዕል መነበብ ያለበት በዚህ መመዘኛ ነው።

ሐበሾች ወደ ሕንድ የሄዱበት መንገድ

በአረብና በሕንድ ቋንቋ «ሐበሺ» የሚለው ስም ከኢትዮጵያና ከአጎራባቾቿ አገሮች ለመጣ ሰው ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ከስሙ ብቻ የትኛው ነገድ እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም። ከእነርሱ ውስጥ ነጋዴና መርከበኛ የነበረ ቢኖርም፥ ብዙዎቹ በጦርነትና በአፈና ተይዘው በዘይላ፥ በምጽዋና በሌሎች ወደቦች የተሸጡ ባሮች ነበሩ። በ14ኛው መቶ ዓመት ሕንድን የጐበኘው ኢብን ባቱታ ሐበሾች በመርከብ ላይ ወታደሮች ሆነው የባሕሩን ሰላም እንደሚጠብቁ ጽፏል። በቤንጋል ከ1487 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ሐበሾች ራሳቸው ዙፋን ይዘው ገዝተዋል። በአሕመዳባድ ከተማ በመስኮቱ የድንጋይ ቅርጽ በዓለም የታወቀው የሲዲ ሰይድ መስጊድ በ1573 አካባቢ የተሠራው በአንድ ሐበሻ ነው።

የባሮቹ ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። የተሸጠ ልጅ እናቱ ያወጣችለት ስም ይቀርና ገዥው የውድ ዕቃ ስም ይሰጠዋል፤ አምበር፥ ያቁት፥ ካፉር፥ ረይሐን፥ ጀውሀር እየተባለ ይጠራል። ስሙ የሚያመለክተው ሽቶና ዕንቍ ነው፤ እንደ ሽቶና ዕንቍ የሚገዛ መሆኑንም ያስታውሳል።

ማሊክ አምበርና የጃሃንጊር ቀስት

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ማሊክ አምበር ነው። የተወለደው በ1548 አካባቢ በኢትዮጵያ ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ ይባል ነበር። በልጅነቱ ተሽጦ በሞካና በባግዳድ በኩል አለፈ፤ ትምህርት ያስተማረውና አምበር ብሎ የሰየመው የባግዳድ ጌታው ነው። በመጨረሻም በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም የነበረው ቺንጊዝ ኻን ገዛው። ቺንጊዝ ኻን ራሱ ቀድሞ ባርያ የነበረ ሐበሻ ነበር። እርሱ ሲሞት ሚስቱ አምበርን ነጻ አወጣችው።

በ1600 የሞጎል ጦር የአሕመድናጋርን ከተማ በያዘ ጊዜ አምበር ከንጉሣዊው ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ አነገሠ፤ ልጁንም ዳረለት። እርሱ ራሱ ዘውድ አልጫነም፤ ነገር ግን እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ መንግሥቱን የመራው እርሱ ነው። ፈጣን ፈረሰኞችን እያሰማራ ስንቅ በመቍረጥና በድንገት በመምታት የሞጎልን ታላቅ ጦር ለብዙ ዓመታት አዳከመ። የመሬት ግብርን ሥርዐት አደላደለ። በ1610 ኸድኪ የተባለ ከተማ ቈረቈረ፤ ውሃም በመሬት ውስጥ በተሠራ ቦይ አስገባለት። ይህ ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብሏል፤ በ2023 ስሙ እንደ ገና ተለውጧል።

በ1616 የሞጎል ጦር አምበርን ድል ነሥቶ ኸድኪን አቃጠለ። አቡል ሐሰን ስለ አምበር የሣለው ታላቅ ሥዕል የተሠራው በዚሁ ዓመት አካባቢ ነው፤ ዛሬ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሥዕሉ ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሟል፤ ሉሉን በሬ ተሸክሞታል፤ በሬውም በዓሣ ላይ ቆሟል። ከንጉሡ ፊት የአምበር ራስ ተቈርጦ በጦር ጫፍ ላይ ተሰክቷል፤ ጕጕትም ተቀምጦበታል። ጃሃንጊር ቀስቱን ገትሮ ያንን ራስ ይወጋል። ከሰማይ ሕፃናት መላእክት መሣሪያ ያቀብሉታል፤ የፍትሕ ሚዛንም ተሰቅሎ ይታያል።

ይህ ሁሉ አልሆነም። የአምበር ራስ አልተቈረጠም፤ ጃሃንጊርም ፊት ለፊት አላገኘውም። ከ1616ቱ ሽንፈት በኋላ አምበር እንደ ገና ተነሥቶ በ1624 በባትቫዲ የሞጎልንና የቢጃፑርን ጦር በአንድነት አሸነፈ። ያረፈውም በእርጅናው፥ ከነማዕርጉ ነው። ጃሃንጊር በጻፈው የዘመኑ ማስታወሻ አምበርን በቀለሙ እየነቀፈ ይሰድበዋል። በጦር ሜዳ ያልተገኘውን እጅ መንሻ ሠዓሊው በወረቀት ላይ አቀረበለት። ከሥዕሉ የሚወጣው ምስክርነት ግን ትእዛዙ ካሰበው በተቃራኒ ነው፤ የዓለምን ሉል የረገጠ ንጉሥ ቀስቱን የሚያነጣጥርበት ጠላት ትንሽ ሰው ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ሥዕል አለ። የሞጎል ሠዓሊ ሀሺም በ1620ዎቹ የሠራው የአምበር መልክ ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ሥዕል አምበር በዕድሜ የገፋ፥ ሰውነቱ የከበደ፥ ነጭ ልብስ የለበሰና ሰይፍ የያዘ መኰንን ሆኖ በጎን ይታያል። ስድብ የለበትም፤ አንድ የሞጎል ባላባት በሚሣልበት ሥርዐት ተሥሏል። ከሞቱም በኋላ የጃሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ ሙዕተማድ ኻን በጦር አመራርና በአስተዳደር እኩያ እንዳልነበረው መስክሮለታል።

የቢጃፑር ባለሟል

በደካን ውስጥ ሌላው መንግሥት ቢጃፑር ነው። በዚያ ከ1627 እስከ 1656 በገዛው በሱልጣን ሙሐመድ ዐዲል ሻህ ዘመን ማሊክ ረይሐን የተባለ ሐበሻ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ኢኽላስ ኻን የሚለውን ማዕርግ ተቀበለ፤ የመንግሥቱም ዋና ሹም ሆነ። ሐይደር ዐሊና ኢብራሂም ኻን የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች በ1645 አካባቢ በሠሩት ሥዕል ሱልጣኑ በዝሆን ተቀምጧል፤ በዚያው ዝሆን ላይ ከበስተኋላው የተቀመጠው ኢኽላስ ኻን ነው። በአደባባይ ሥዕል ከንጉሡ የመራቅ መጠን የማዕርግ መጠን ከሆነ፥ ከንጉሡ ጋር በአንድ ዝሆን መቀመጥ የባለሟልነት ፍጻሜ ነው። በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለው ሌላ ሥዕል ኢኽላስ ኻን የአቤቱታ ወረቀት ይዞ ይታያል፤ የሕዝብ ጉዳይ ወደ ንጉሡ የሚያልፈው በእርሱ እጅ መሆኑን ያመለክታል። የእኛ ሰዎች በየግቢው የሚያውቁት፥ ሰው ሁሉ ደጅ የሚጠናው ባለሥልጣን እንዲህ ያለው ነው።

የቢጃፑርም ሥዕል ቢሆን ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ካማል ሙሐመድና ቻንድ ሙሐመድ በ1680 አካባቢ የሠሩት፥ ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ዘጠኙን የቢጃፑር ሱልጣኖች በአንድነት አስቀምጦ ያሳያል፤ የፋርሱ ሻህ እስማኤል ለመጀመሪያው ሱልጣን የመንግሥትን ቍልፍ ሲሰጥ ይታያል። አባትና የልጅ ልጅ ልጅ በአንድ ጊዜ የነገሡ ይመስላል። ሥዕሉ ከተሠራ ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1686፥ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ቢጃፑርን ያዘ፤ የመጨረሻው ሱልጣን እስክንድርም ተማረከ። መንግሥቱ ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ ሥዕሉ ጽናቱን አብዝቶ ተናገረ ማለት ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ ግቢ የሄደው ሰው ብቻ አልነበረም። በ1621 ቱርኮች በሐበሻ በኩል ያመጡት የሜዳ አህያ ለጃሃንጊር ቀረበ፤ አንዳንዶች ዝንጕርጕሩን የሰው እጅ የቀባው መስሏቸው እንደ ነበር ንጉሡ ራሱ ጽፏል። መንሱር የተባለው ሠዓሊ መልኩን ሣለው። በ1660ዎቹም ዐፄ ፋሲል የላኩት መልእክተኛ፥ አርመናዊው ሙራድ፥ ወደ አውራንግዜብ ግቢ ደርሶ እንደ ነበር በዚያ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፍራንሷ በርኒዬ ይተርካል።

በከሚሴ አካባቢ ያለው ልማድ

ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ በተራራ ላይ የተሠራችው የአርጎባዎች መንደር ሾንኬ በድንጋይ ቤቶቿና በእስልምና ትምህርቷ የታወቀች ናት። በ1937 ያረፉት ሼኽ ጀውሀር ኢብን ሐይደር የዚህች ስፍራ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። በባሕር ማዶ ለባርያ ይሰጥ የነበረው ጀውሀር የሚለው ስም በወሎ የሊቅና የወሊ ስም ሆኖ መከበሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ ክብርና ውርደት በስሙ ውስጥ ሳይሆን በሰያሚው እጅ መሆኑን ያሳያል።

የወሎ ሙስሊም ሊቃውንት በእጃቸው የገለበጧቸው የዐረብኛና የዐጀም መጻሕፍት የሰው መልክ አይሣልባቸውም። የሕንድ ሙስሊም ነገሥታት በሥዕል ያደረጉትን የወሎ ሰው በቃል ያደርገዋል። መንዙማው ነቢዩንና ወሊዮችን ያወድሳል፤ በሐድራና በወደጃ ሕዝቡ በሼኹ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ እጅ ይስማል፤ ስጦታ ያቀርባል፤ ምርቃት ይቀበላል። እዚህም ከሼኹ የመቅረብና የመራቅ ሥርዐት አለ፤ ግን ቀለም አይነካውም፤ ሥርዐቱ ሲፈጸም ይታያል፥ ሲበተን ያልፋል።

ወሎ የመገዛት ምልክትና የልብ ፈቃድ ሊለያዩ እንደሚችሉም ከራሱ ታሪክ ያውቃል። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የወሎ ባላባት ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ንጉሠ ነገሥቱን የክርስትና አባት አድርገው ተጠመቁ፤ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ። ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። ብዙ ሰው ግን ቀን በአዲሱ፥ ሌሊት በቀድሞው ሃይማኖቱ ይኖር ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን አንድ ሠዓሊ የአደባባዩን ሥርዐት ብቻ ሥሎ ቢሆን ኖሮ፥ ሥዕሉ ስለ ሌሊቱ ምንም ባልነገረን ነበር።

ስለዚህ የእጅ መንሣት ሥዕል የሚመረምር ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። ሥዕሉን ያዘዘው ማን ነው? በተሣለበት ዓመት በሜዳው ላይ የሆነው ምን ነበር? ከሥዕሉ የጎደለውስ ማን ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጃሃንጊርን ቀስትና የቢጃፑርን ቍልፍ ያስረዳሉ። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ማሊክ አምበርና ኢኽላስ ኻን ተሣሉ፤ በአንድ መንገድ አብረዋቸው የወረዱት፥ በበረሃና በባሕር የቀሩት፥ ወይም በባዕድ አገር ሎሌ ሆነው የሞቱት እጅግ ብዙ ልጆች ግን ሠዓሊ አልፈለጋቸውም። የሁለቱ ሹማምንት ማዕርግ የሚያኰራ መሆኑ የእነዚያን ዕጣ ሊሸፍነው አይገባም። በደብሊንና በሎንዶን ያሉትን ሥዕሎች የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ተማሪ፥ በወርቅ የተሣለውን ሰው ሲያይ፥ ቻፑ ብላ የጠራችውን እናትም አብሮ ማሰብ አለበት።